የኦንታሪዮ ቅድመ ምርጫ 3 ቀን አይበቃም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ያለፈው የካናዳዋ ክፍለ ሀገር የኦንታሪዮ ምርጫ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። በሕጉ ቀጠሮው ጁን 2026 ነበር። የኦንታሪዮ መሪ (ፕሪሚየር) ዳግ ፎርድ ግን የትራምፕን ታሪፍ ለመቋቋም አዲስ የሕዝብ ድጋፍ እፈልጋለሁ ብለው ወደ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2025 አመጡት። ስለዚህ ምርጫውን የሚያስፈጽመው ኢሌክሽንስ ኦንታሪዮ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ለ124 የምርጫ ክልሎች ቦታ መፈለግ፣ ሠራተኛ መቅጠርና ማሠልጠን፣ ለመራጩ ካርድ መላክ ነበረበት፤ ያውም በረዶ በተቆለለበት ወቅት! በ2022ቱ ምርጫ ለ10 ቀን ክፍት የነበረው የቅድመ ምርጫ ጣቢያ፣ ማለትም ከምርጫው ቀን በፊት ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ፣ ወደ 3 ቀን ወረደ። በፖስታና በምርጫ ቢሮ ቀድሞ መምረጥ ይቻል ነበር፣ ግን ስንቱ ሰምቷል? ፈረቃ የሚሠራው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ አረጋውያን የሚንከባከበው ወገናችን በ3 ቀን እንዴት ይድረስ? ድምፅ የሰጠው 45 በመቶ ገደማ ነው። ሕዝቡ ሰንፎ ነው ሲባል በጭራሽ አልስማማም።

ምርጫው ድንገተኛም ቢሆን ቅድመ ምርጫው ከአንድ ሳምንት እንዳያንስ በሕግ ይወሰን። እናንተም እባካችሁ፣ ሠራተኛ በምርጫው ቀን ለመምረጥ 3 ተከታታይ ሰዓት የማግኘት መብት እንዳለውና የትኛው መታወቂያ እንደሚያስፈልግ አስቀድማችሁ በአማርኛ አውጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከቶሮንቶ