ዱቄቱ መጥቆሩ ብቻ አይበቃም

ለአዘጋጁ፦

የፋብሪካ ጥላሸት በፀሐይ ብርሃን ከውኃ ሃይድሮጅን የሚያወጣ ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) ይሆናል የሚለውን ዘገባችሁን አንብበናል። ሐሳቡ አይከፋም፤ ሆኖም ጥላሸት ብቻውን የዋጠውን ብርሃን ወደ ሙቀት ቀይሮ ይጨርሰዋል። ሥራው ከካርቦኑ ጋር የሚቀላቀለው ሴሚኮንዳክተር (ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኖቹ የሚነሡ ቁስ) ነው፤ የካርቦኑ ድርሻ ብርሃን ያስነሣቸውን ኤሌክትሮኖች ተቀብሎ ማሻገር ነው።

ቅርባችን ያለውን የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እንውሰድ። ባጋስ (ጭማቂው የወጣ የሸንኮራ አገዳ ገለባ) ከሚነድበት ቦይለር የሚወጣው አመድ ያልተቃጠለ ካርቦን አለው፤ ግን ሲሊካ፣ ፖታሲየምና ብረትም አብረው አሉ። ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፖታሲየሙንና አብዛኛውን ብረት ያወጣል። ሲሊካ በዚህ አይነካም፤ ትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል፣ ብዙዎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። ከዚያ የእጥበቱ ውኃ ፒኤች 7 (አሲድም አልካሊም ያልሆነበት ልክ) እስኪደርስ በተጣራ (ዲስትልድ) ውኃ ይታጠባል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድና ጨው ስለሚበዛው ለዚህ አይሆንም።

የደረቀው ካርቦን ከዩሪያ ጋር ተፈጭቶ፣ ክዳን ባለው የሸክላ ክሩሲብል (ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ዕቃ)፣ በደቂቃ 5 ዲግሪ እየጨመረ 550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርስና 4 ሰዓት ይቆያል። ዩሪያው ካርቦን ናይትራይድ የሚባል ቢጫ ዱቄት ይሆናል፤ ሴሚኮንዳክተሩ ይህ ነው። ክዳን ከሌለ አብዛኛው ተንኖ ይጠፋል፤ አሞኒያም ስለሚወጣ ጭስ መሳቢያ የግድ ነው። ትልቁ ስሕተት ሚዛኑ ላይ ነው። ከ10 ግራም ዩሪያ የሚተርፈው ግማሽ ግራም ገደማ ብቻ ነው። 0.1 ግራም ካርቦን የጨመረ ሰው «1 በመቶ ነው» ይላል፤ በምርቱ ውስጥ ግን ወደ አንድ ስድስተኛ ይጠጋል። ያን ጊዜ ዱቄቱ ይጠቁርና ብርሃኑ ለቢጫው ሳይደርስ ይቀራል።

ከዚያ መለካት ይመጣል። አብዛኛው ሙከራ ከመቶ 10 እጅ ትራይኢታኖላሚን የሚባል ኬሚካል ውኃው ላይ ይጨምራል፣ ዱቄቱንም በጥቂት ፕላቲነም ይቀባል። ጋዙ ይፈላል፤ ግን ኤሌክትሮን የሚሰጠው ኬሚካሉ ነው፣ እሱም ያልቃል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ውኃ በእርግጥ ከተሰነጠቀ ሁለት እጅ ሃይድሮጅን ከአንድ እጅ ኦክስጅን ጋር መውጣት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2021 ጃፓን ውስጥ ውጤቱ የታተመው 100 ካሬ ሜትር ማሳያ እንኳ (ካታሊስቱ ስትሮንቲየም ታይታኔት ነበር) ከፀሐይ ኃይል ወደ ሃይድሮጅን የቀየረው ከፍተኛው 0.76 በመቶ ነው። 20 በመቶ የሚሠራ የፀሐይ ፓነል ከኤሌክትሮላይዘር (ውኃን በኤሌክትሪክ ከሚሰነጥቅ መሣሪያ) ጋር ሲገጠም ከ10 በመቶ በላይ ይሰጣል፤ አዳማ ደግሞ የነፋስ ኃይሉም አላት። ስለዚህ ይህ ለጊዜው የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ ለተማሪ ግን ጥሩ ሥራ ነው።

ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁልን፦ ያለ ትራይኢታኖላሚን ስንት ወጣ? ካርቦኑ ሳይጨመርስ? መብራቱ ጠፍቶስ?

የኬሚካል ምህንድስና መምህራን
ከአዳማ