ለደብረ ብርሃን ጎረቤቶቼና ለደገፋችሁኝ ሁሉ

ተመስገን፣ የጡት ካንሰሬ የጨረር ሕክምና አለቀ። "እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ" ልትሉ ቤቴ ስትመጡ ብዙዎቻችሁን በወጉ አላናገርኳችሁም። ድካሙ ነው፣ ይቅርታ። አሁን እጄ ብዕር መያዝ ስለቻለ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ለቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ጡቴ ላይ እብጠቷ ስትወጣ 33 ዓመቴ ነበር። ልጄን ጡት ካስጣልኩ ብዙም አልቆየሁም። ያየኝ አንድ ክሊኒክ "ወተት ቋጥሮ ነው፣ ለካንሰር ገና ልጅ ነሽ" ብሎ መለሰኝ። አያመኝም ነበርና ደስ ብሎኝ ገባሁ። እሷ ግን "አለማመሙ አያዘናጋሽ" ብላ ሙጭጭ አለች። በመጨረሻ ክንዴን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችኝ። አልትራሳውንድ፣ ከዚያ ናሙና፣ ከዚያ ውጤት፦ ካንሰር፣ ከ4ቱ ደረጃዎች ደረጃ 3። ብብቴ ሥር ያሉት እጢዎች ተነክተዋል፣ ሩቅ ግን አልሄደም። ውለታሽን ፈጣሪ ይክፈልልኝ እህቴ!

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅም አለች። የ56 ዓመት ሴት ናት። የእሷን የጡት ካንሰር በእጅ ሳይዳሰስ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ደረጃ 1 ላይ ያዘው። ማታ ማታ እየደወለች ያስረዳችኝ እሷ ናት። እዚያም ቢሆን ከ40 ዓመት በታች ያለች ሴት ምልክት ሳይኖር በሚደረገው መደበኛ ምርመራ ውስጥ የለችም፤ የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ስለሚል ማሞግራሙም በደንብ አያሳይም። ስለዚህ ወጣቶቹ ብዙ ጊዜ እብጠቱን ራሳቸው አግኝተው ነው የሚመጡት። ጥቁር ሴቶች ደግሞ ከነጮቹ ይልቅ ዘግይተው ይገኛሉ፤ የሚሞቱትም 40 በመቶ ያህል በልጠው ነው። አንዱ ምክንያት ሆርሞን ነክ መድኃኒት የማይበግረው ዓይነት በእነሱ ላይ እጥፍ ያህል መብዛቱ ነው። ሌላው የኢንሹራንስና የቀጠሮ ጣጣ ነው። ዘር ብቻ ነው እንዳትሉ! እዚያው አሜሪካ ከጡት ሳይወጣ ከተገኘባቸው ከ100 ሴቶች 99ኙ ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ፤ ሩቅ አካል ከደረሰ ግን ሲሶ ያህሉ ናቸው። እኛ ጋ ለሁሉም ሴት የሚደረግ ምርመራ የለም፤ አብዛኛው ታካሚ ሐኪም ፊት የሚቀርበው ደረጃ 3 ወይም 4 ላይ ነው። ወረፋው ላይም ብዙ ልጅ እግሮች አየሁ።

ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ያገኘኋቸው አባት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ ለምናኝ ነበር የገባሁት። "ጸበሉንም ጠጪ፣ ቀጠሮሽንም እንዳታሳልፊ" አሉኝ። እናቴ ከዚያ በኋላ "ቢላ ከነካው ይሰራጫል" ማለቱን ተወች። እኔ ሺህ ጊዜ ብነግራት አትሰማኝም ነበር!

ሌሊት 10 ሰዓት እየተነሳህ 130 ኪሎ ሜትሩን ያመላለስከኝ ሹፌር፣ ባስመለሰኝ ቁጥር ዳር እያስያዝክ አንዴም ፊትህ አልጠቆረም። የጥቁር አንበሳ ሲስተሮች፣ የእድራችን ሰዎች፣ ክፍለ ጊዜዬን የሸፈናችሁልኝ መምህራን፣ ክፉ አይንካችሁ። ባለቤቴም እንጀራ መጋገር ለመደ። ዐይን የለውም፣ ግን ይበላል።

ኬሞ የምትጀምር ሴት ካለች የራስ ሻሾቼና ወፍራሙ ብርድ ልብሴ ይሰጧት፤ ለእድሩ ጸሐፊ ትንገረው። እብጠት ኖሯት ብቻዋን መሄድ የከበዳትም ካለች ማክሰኞ ከሰዓት ክፍለ ጊዜ የለኝም። አብሬያት እሄዳለሁ።