የፊልም ክበብ፦ ድምፅ የሌለው ዓመት

በመጀመሪያው ዓርብ ፊልሙን ስከፍት ከኋላ በኩል «ቲቸር፣ ጃኩ ወልቋል!» የሚል ድምፅ መጣ። አልወለቀም። ፊልሙ ሲፈጥረውም ድምፅ የለውም። ያን ዕለት 23 ተማሪዎች ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት የመጡት 14 ናቸው።

ለምን ድምፅ አልባ ፊልም? እውነቱን ለመናገር፣ አጭር ስለሆነ ነው። የክበብ ሰዓታችን 40 ደቂቃ ነው፤ መብራት ከሄደ እሱም የለም። የአንድ ደቂቃ ፊልም ሦስት ጊዜ አይተን ለክርክር ጊዜ ይተርፈናል። ርዕሱን የመረጡት ግን ተማሪዎቹ ናቸው። «ፍቅርና ጥንቆላ ይሁንልን» አሉ እየሳቁ። ለቀልድ ያሉትን እኔ የምር ያዝኩት።

የጀመርነው እንግሊዛዊው ጆርጅ አልበርት ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1899 በሠራው ፊልም ነው። ባቡር ዋሻ ውስጥ ይገባል፣ ጨለማውን ተገን አድርገው ጥንዶቹ ይሳሳማሉ፣ ባቡሩ ይወጣል። በቃ። ወላጅ ተጠርቶ ይመጣብኛል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ማንም አልመጣም። ተማሪዎቹን የገረማቸው መሳሳሙ ሳይሆን አቆራረጡ ነው። ስሚዝ የሠራው መሃሉን ብቻ ነው፤ ባቡሩ ሲገባና ሲወጣ የሚታየው ከሌላ ሰው ፊልም የመጣ ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ታሪክ ሆኑ። ኤዲቲንግን በዚህ መልክ ሳስተምር አንድም ሰው አላንቀላፋም።

ስሚዝ ራሱ ከፊልሙ አይተናነስም። ካሜራ ከመያዙ በፊት ብራይተን ከተማ መድረክ ላይ ሰው እያፈዘዘ የሚያስተኛና «የሰው ሐሳብ አነባለሁ» የሚል ሰው ነበር። የተማሩ ተመራማሪዎች ሳይቀሩ አምነውት ነበር። ከዓመታት በኋላ አብሮት ይሠራ የነበረው ዳግላስ ብላክበርን ነገሩ ሁሉ በምልክት የመግባባት ዘዴ እንደነበር በጋዜጣ አወጣው። ስሚዝ ግን እስከ መጨረሻው ካደ። ይህን ስነግራቸው ሁለት ልጆች ወዲያው የራሳቸውን ምልክት ፈጠሩ። ውጤቱን የሒሳብ መምህራችን በፈተና ሰሞን ደርሰውበታል። በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ዓመቱን የበላው ግን ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልየስ እ.ኤ.አ. በ1906 የሠራው የካራቦስ ፊልም ነው። 12 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ለዚያ ዘመን ረጅም። እንደ እኛ አዝማሪ እየዘፈነ የሚኖር ድሃ ወጣት ዕጣውን ሊሰማ ጠንቋይቱ ካራቦስ ዘንድ ይሄዳል። እሷም አንዲት የታሰረች ቆንጆ ታሳየዋለች፤ «የምታድናት አንተ ነህ» ነው ነገሩ። ልጁ እዚያው በፍቅር ይወድቃል። ጠንቋይቱ ገንዘብ ትጠይቃለች። የለውም። ከረጢት አሸዋ ሞልቶ ወርቅ ነው ብሎ ይሰጣታል። ስታውቅ ጉድ ይፈላል፤ መጥረጊያ እንጨቷ ላይ ወጥታ ታሳድደዋለች።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «የወደፊቱን የምታይ ከሆነ አሸዋውን እንዴት አላየችም?»

ሦስት ዓርብ በዚህ አለቀ። ገሚሱ ጠንቋይቱ አታላይ ናት አለ። ገሚሱ ደግሞ የታሰረችው ቆንጆ በእርግጥ ተገኝታለች፣ ጥንቆላው ሠርቷል፣ አታላዩ ልጁ ነው አለ። ከኋላ አንዱ «ፍቅር ስላለ ነው፣ ይቅር በሉት» ብሎ ተጮኸበት። እኔ መልስ አልነበረኝም። ሜልየስም ምትሃተኛ እንደነበር፣ ፓሪስ ውስጥ የምትሃት ቲያትር እንደነበረው ነገርኳቸውና ዝም አልኩ።

ቀለሙንም ወደዱት። ያን ጊዜ ቀለም ያለው ፊልም የሚሠራው በእጅ ነው። የሜልየስን ፊልሞች የሚያቀልመው የወይዘሮ ኤሊዛቤት ቱሊዬ ወርክሾፕ ሲሆን፣ ሴቶች ተደርድረው እያንዳንዷ አንድ ቀለም ብቻ ትቀባ ነበር። ለሙከራ አንዲት ቁራጭ ፊልም የምታክል ምስል በብሩሽ እንዲቀቡ ሰጠኋቸው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ብሩሹን መለሱልኝ።

በዚያ ዘመን ስክሪኑ አጠገብ ቆሞ ታሪኩን የሚተርክ ሰውም ነበር። እኛም ሞከርነው። ተራኪያችን ጠንቋይቱን በጎጃም ዘዬ ሲያናግራት የጥበቃ ሠራተኛችን ሳይቀሩ በመስኮት ገቡ ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብላ የጠራችው ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ትንሽ ገባኝ።

በሁለተኛው መንፈቅ የራሳችንን ሠራን። ሦስት ደቂቃ ነው፦ አንድ ተማሪ የሚወዳት ልጅ ትወደው እንደሆነ ለማወቅ ሲኒ ወደምታነብ ሴት ይሄዳል። ሲኒው ውስጥ የልጅቱ ፊት ብቅ እንዲል ሜልየስ እንዳደረገው ካሜራውን አቁመን፣ ዕቃ ለውጠን፣ እንደገና ቀረጽን። ካሜራው ስልክ ነው፤ መቆሚያው ዴስክ በዴስክ ላይ። አንዱ ዴስኩን በጉልበቱ ነካውና የልጁ ጭንቅላት በአንድ ጊዜ ወደ ግራ ዘለለ። አላስተካከልነውም፤ አስቂኝ ነው።

ሲኒ አንባቢዋ ረጅም ነገር ትናገራለች። ምን እንዳለች የሚጻፍበት ጥቁር ካርድ ላይ ግን መስማማት አቃታቸው። «ትወድሃለች» የሚሉና «እርሳት» የሚሉ እኩል ወጡ። ስለዚህ ካርዱ ባዶውን ቀረ። በወላጆች ቀን ያ ጥቁር ካርድ ሲመጣ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንዲት እናት «አያገኛትም!» ብለው ጮኹ፣ ሌላዋ መለሱላቸው፣ የቀረውን ፊልም ያየ ሰው አልነበረም።

ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው አንድ የካሜራ መቆሚያ ብቻ ነው።