ጉዳዩ፦ ለአባቴ ስለሸጣችሁልን የንዝረት ትራስ እና በስልክ ስለሰጣችኋቸው ምክር

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ፓርኪንሰን (ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥና የሚያደርቅ የነርቭ ሕመም) ላለባቸው አባቴ ወንበር ላይ የሚነጠፈውን የንዝረት ትራስ ከእናንተ በ38,000 ብር የገዛሁት ከሁለት ወር በፊት ነው። ደረሰኙን አያይዣለሁ።

ዕቃው አይሠራም አልልም። ይነዝራል። አባቴም በመጀመሪያው ሳምንት “ሰውነቴ ፈታ አለልኝ” ብለውኛል። አንድ ቀን ጠዋት የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው ቆልፈው ሳይ እንባዬ መጣ። ቅሬታዬ ሌላ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሠራተኛችሁ ደወለላቸው። “አባባ፣ ለውጥ ካዩ ኪኒኑን ይተዉት፤ ይሄ ያለ መድኃኒት ነው የሚሠራው” አላቸው። አባቴ ሰው ያምናሉ። በቀን ሦስቴ የሚውጡትን የፓርኪንሰን ኪኒን፣ ሌቮዶፓን፣ ለማናችንም ሳይነግሩ አቆሙ። በአራተኛው ቀን ከመኝታ ቤት ሲወጡ በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቀሩ። እግራቸው አልነሳ አለ። እጃቸውን ብይዘው ጣቶቻቸው እንደ እንጨት ደርቀዋል። ማታ ውኃ መዋጥ እንኳ አቃታቸው። ሆስፒታል ስድስት ቀን ተኙ። ሐኪሟ ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ለሕይወት እንደሚያሰጋ ነገረችን።

ማስታወቂያችሁ “ከ1892 ጀምሮ በሳይንስ የተረጋገጠ” ይላል። ጉዳዩን ፈልጌ አነበብኩት። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ፣ የፓርኪንሰን ሕመምተኞቹ ረጅም የባቡር ወይም የሠረገላ ጉዞ ሲሄዱ ቀለል እንደሚላቸው አስተውሎ የሚንቀጠቀጥ ወንበር አሠርቷል። እውነት ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1893 ሞተ፤ ሥራውን ዳር አላደረሰውም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ቺካጎ ውስጥ ተመራማሪዎች በ23 ሕመምተኞች ላይ ሞከሩት። ገሚሶቹ የሚነዝር ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ገሚሶቹ የማይነዝር። ሁለቱም ወገን ተሻለው፤ ንዝረቱ ብልጫ አላሳየም። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ያ የሸሚዝ ቁልፍ ነው። የአባቴ ደስታ የእውነት ነበር። ኪኒናቸውን ለማስጣል ግን ማንም ሊጠቀምበት አይገባም ነበር።

ገንዘቤን መልሱልኝ። ከገንዘቡ በላይ የምፈልገው ግን ማስታወቂያውን እንድታወርዱ፣ ትራሱን ለገዛ ሰው ሁሉ ደውላችሁ “ሐኪም ሳያማክሩ መድኃኒትዎን እንዳያቆሙ” እንድትሉ ነው። አሁንም የእናንተን ቃል አምኖ ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሽማግሌ ይኖራል። ይህ እንቅልፍ ይነሳኛል።

በ10 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጣችሁኝ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አመለክታለሁ። ትራሱ ካርቶኑ ውስጥ ተመልሷል፤ መጥታችሁ ውሰዱት።

ከሰላምታ ጋር