ይድረስ ለሽያም

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ከኖረ ሰው ይህ ሰላምታ ድፍረት መሆኑ አይጠፋኝም። ግን ደብዳቤ የሚጀመረው በዚህ ነው፤ ሌላ አላገኘሁም።

የምጽፍልህ ከህንድ፣ ከቼናይ ከተማ ነው። አንተ ሚዜ ሆነህ ያመጣህልኝ ባለቤቴ ልቧን ታማ እዚህ አሳክሜያታለሁ። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልፏል፤ ቁስሉ እስኪጠግግ ቫዳፓላኒ በሚባል ሰፈር ክፍል ተከራይተን ተቀምጠናል። አሁንም ስትቆጣኝ ያንተን ስም ነው የምታነሳው።

ከትናንት በስቲያ እርሷ ተኝታ ሳለ ወደ ታችኛው ሳሎን ወረድኩ። አከራያችን፣ አንዲት አሮጊት፣ የድሮ ፊልም ከፍተው ይመለከታሉ። ቋንቋው ታሚል ነው፤ አንዲት ቃል አልገባኝም። ነገር ግን የእኅቱ ባል አለንጋ ይዞ የሚያንቀጠቅጠውን ያንን ፈሪ ወጣት ሳይ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። የእኛ ፊልም፣ «ራም አውር ሽያም»! ተዋናዩ ዲሊፕ ኩማር መንትዮቹን፣ ፈሪውን ራምንም ደፋሩን ሽያምንም ሆኖ የሠራው፣ ሳንቲም አጠራቅመን ሦስት ጊዜ ያየነው! በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ጉልበተኛ እኔን ሲይዘኝ አንተ ገብተህ በእኔ ፋንታ ተመታህ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንተ ሽያም፣ እኔ ራም ሆነን ቀረን። የሚገርመው፣ በቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ፊት የዲሊፕ ኩማር አልነበረም።

ዋናው ነው ብለን የማልንበት ለካ ሦስተኛው ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1964 ታሪኩ መጀመሪያ በሌላው የህንድ ቋንቋ፣ በቴሉጉ ተሠራ፤ መንትዮቹን የሆነው ኤን.ቲ. ራማ ራው ነበር። በጥር 1965፣ በታሚሎች የመኸር በዓል በፖንጋል፣ በታሚል «እንጋ ቪትቱ ፒላይ» ተብሎ ወጣ፤ «የቤታችን ልጅ» እንደ ማለት ነው። በ1967 ደግሞ የእኛው ሂንዲ ተከተለ። ሦስቱንም ያዘጋጀው ያው አንድ ሰው፣ ታፒ ቻናክያ ነው። የታሚሉንና የሂንዲውን ያሠራው ናጊ ሬዲ ስቱዲዮው እዚሁ ቫዳፓላኒ ነበር፤ ዛሬ በቦታው የገበያ ሕንፃና ሆስፒታል ቆሞበታል። በየቀኑ መድኃኒት ልገዛ ሳልፍበት ኖሬአለሁ።

በታሚሉ ፈሪው ራሙ፣ ደፋሩ ኢላንጎ ይባላሉ፤ ሁለቱንም የሆነው ኤም.ጂ. ራማቻንድራን ነው። ራሙ ከቤት ይጠፋል፤ ኢላንጎ በእርሱ ስም ይገባና አለንጋውን ነጥቆ ያንን አማች ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል እያሯሯጠ ይገርፈዋል፣ እየገረፈም ይዘፍናል። እኔ ባዝዝና ትእዛዜ ቢፈጸም ድሆች እንዲህ ባልተሠቃዩ ነበር፣ ነው የሚለው። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረው ዘፈኑት። ሰውየው በ1972 የራሱን ፓርቲ አቋቋመ፤ ከ1977 ጀምሮ፣ በ1980 ከጥቂት ወራት በቀር፣ እስኪሞት ድረስ የዚህ ክፍለ ግዛት፣ የታሚል ናዱ፣ ዋና ሚኒስትር ሆነ። የቴሉጉው ራማ ራውም በ1983 በጎረቤቱ ክፍለ ግዛት በአንድራ ፕራዴሽ ያንኑ ወንበር ያዘ። አየህ፣ ሽያምን አገር ያስተዳድር ብለው ሾሙት። (የተገረፈው ክፉ፣ ናምቢያር፣ በኑሮው መንፈሳዊ ሰው፣ ወደ ሳባሪማላ ተራራ ተሳላሚ ነበር። አሮጊቷ ይህን ሳይነግሩኝ ሊለቁኝ አልወደዱም።)

መንትዮቹ ሲገናኙ እንዴት አንድ ላይ እንደሚታዩ ስንት ቀን እንደተከራከርን ታስታውሳለህ? አንተ መስታወት ነው ትል ነበር። በዚያ ዘመን የሚሠራበት ዘዴ እንዲህ ነው፦ ካሜራው ንቅንቅ እንዳይል ይታሰራል፣ የሌንሱ እኩሌታ ይሸፈናል፣ ተዋናዩ ባዶ ቦታ እያየ ይናገራል፣ በመካከሉ ዝም ብሎ መልስ ይጠብቃል። ከዚያ ፊልሙ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ፣ ሌላው እኩሌታ ተሸፍኖ፣ ልብሱን ቀይሮ ለራሱ መልስ ይሰጣል። እኔም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት የምሠራው ይህንኑ ነው። የአንተን መልስ ግን አንድ ቀንም አሳምሬ መናገር አልቻልኩም።

ሰዉ ሁሉ የሚያስታውሰው ኢላንጎን ነው። እኔ ግን ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ከዓይኔ አልጠፋ ያለኝ የሸሸው ነው። በዚያ ስብሰባ ሃያ አራት ጎማ ጎድሏል ተብለህ ስትጠየቅ፣ ጎማው በሞዴል 22፣ በንብረት ማውጫው ቅጽ፣ ወጪ መደረጉን አውቅ ነበር፤ የተረከብኩትና የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያዘዘኝ አለቃ ከፊቴ ተቀምጧል። አንተ ዞረህ አየኸኝ፤ እኔ ጠረጴዛውን አየሁ። በእኔ ፋንታ የሚገባልኝ ሽያም አልነበረም፤ የተከሰስከው አንተው ነበርክና።

የሞዴሉን ግልባጭ አልጣልኩትም። ቤት፣ የእናቴ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ነው፤ ልጄ አውጥታ ከዚህ ደብዳቤ ጋር እንድታደርስልህ ነግሬያታለሁ። ፊርማዬ ከታች በስተግራ ነው። የትም ልትወስደው ትችላለህ። በሚቀጥለው ወር እንመለሳለን፤ ከጠሩኝ ቀርቤ የእኔ ነው እላለሁ።

ራም