የዛፍ ሙያ በሞተር መጋዝ አይጀመርም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ በምኖርበት በደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ባለፈው መስከረም ያየሁት ነገር ነው። ሁለት የሠፈሬ ልጆች ከዘመድ አዝማድ ገንዘብ ተበድረው አዲስ የሞተር መጋዝ ገዙና «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ዛፍ እየመለመልን እንኖራለን» ብለው ሊያሳዩኝ መጡ። መጋዙ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ሄልሜትም፣ ጓንትም፣ ገመድም አልነበራቸውም፤ የትኛው ቅርንጫፍ የቱ ጋ እንደሚቆረጥ የነገራቸው ሰውም አልነበረም። በዚህ ሥራ ለመሰማራት የሚፈልጉ ወጣቶች በአካባቢያችን እየበዙ ስለሆነና አብዛኞቹም በዚሁ መንገድ ሲጀምሩ ስለማይ፣ ከልምዴ የማውቀውን ለአንባቢዎችዎ ማካፈል ግዴታዬ መስሎ ተሰማኝ።

እኔ ወደዚህ ሙያ ስገባ የነበረኝ አንድ የእጅ መጋዝ፣ አንድ የቅርንጫፍ መቀስና አንድ ሞረድ ብቻ ነበር፤ መጋዙንም የገዛሁት ከአንድ አናጺ አሮጌውን ነው። በመጀመሪያው ዓመት እግሬ ከመሬት አልተነሣም። በባሶና ወራና ወረዳ አፕል የተከሉ ገበሬዎች ዘንድ እየሄድኩ ዛፎቹን በመቀስ እገርዝ፣ በከተማው ግቢዎችም የጥድ አጥር እከረክም ነበር። ጥሬ ገንዘብ ያጠረው ባለቤት የተቆረጠውን ማገዶና ጭራሮ በክፍያ ፈንታ ይሰጠኛል፤ እኔም ሸጬ የዕለት ወጪዬን እሸፍናለሁ። አፕል ለጀማሪ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ዛፉ አጭር ነው፣ የቆረጡትም ነገር ጥሩም ይሁን መጥፎ በሚቀጥለው ዓመት በአበባውና በፍሬው ይታያል።

ከሁሉ አስቀድሞ መማር ያለበት ግን አቆራረጡ ነው። አንድ ጊዜ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ካለ ትልቅ ጥድ ላይ የደረቀ ሳይሆን ገና ያልሞተ ከባድ ቅርንጫፍ እንዳወርድ ተጠይቄ፣ ከላይ ወደ ታች ብቻ ቆረጥኩት። ቅርንጫፉ መጋዙ ሳይጨርሰው በራሱ ክብደት ተገንጥሎ የግንዱን ቅርፊት ከቁመቴ በላይ ገፎ ወረደ። ያ ቁስል ዛሬም አለ፤ ለቅዳሴ በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ። ማድረግ የነበረብኝ መጀመሪያ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቄ ከሥር ወደ ላይ ጥቂት መጋዝ፣ ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብዬ ከላይ ቆርጬ ክብደቱን መጣል፣ በመጨረሻም የቀረውን ጉቶ ማንሣት ነበር። ይህ የመጨረሻው ቁርጥ የሚያርፍበት ቦታ ዋናው ነገር ነው። ቅርንጫፍ ከግንድ በሚወጣበት ሥር ያበጠ አንገት የሚመስል ክፍል አለ፤ መጋዙ ከዚያ እብጠት ውጭ ተጠግቶ ማለፍ አለበት፤ እብጠቱን መንካትም፣ ረጅም ጉቶ መተውም ዛፉን ለመበስበስ ይዳርጋል። የዛፍ ቁስል እንደ ሰው ቁስል አይድንም፤ ዛፉ የተጎዳውን ክፍል በውስጡ አጥሮ በላዩ አዲስ እንጨት ያሳድጋል እንጂ። ስለዚህ ብዙዎች እንደሚያደርጉት ቀለም ወይም ጭቃ መቀባቱ መበስበሱን አያስቀርም።

የዛፉንም ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ከሥሩ ቢቆረጥም ስለሚያቆጠቁጥ፣ ማገርና አጣና እየሰጠ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። ጥድ ግን ቅጠል እስከሌለው አሮጌ ክፍሉ ድረስ ከተቆረጠ እዚያ ላይ ዳግም አያቆጠቁጥም፤ በባሕር ዛፍ የለመደ እጅ ጥድን የሚያበላሸው በዚህ ነው። አናቱን ጨፍጭፎ መተው ደግሞ ለየትኛውም የግቢ ዛፍ አይበጅም። ያልተነካ ዛፍ ቅርጹ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ወጣት፣ በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ባለው ገደላማ ተራራ ወደሚገኘው ወደ ወፍ ዋሻ ደን ሄዶ ጥዱን፣ ዝግባውንና ኮሶውን አንድ ቀን ሙሉ ቢመለከት ከብዙ ቃል ይልቅ ይማርበታል።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። የእጅ መጋዝ አሮጌ ቢገዛ ጉዳት የለውም፤ ተሞርዶ ይሠራል። የመውጫ ገመድና የወገብ መታጠቂያ ግን በፍጹም ያገለገለ አይገዛም፤ ምን እንደደረሰበት የሚያውቀው የቀድሞው ባለቤት ብቻ ነውና። የጭነት ገመድም ሰው አይንጠለጠልበትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ትርፍ በሄልሜት፣ በዓይን መከላከያና በጠንካራ ጫማ ላይ፣ ሁለተኛው በገመድና በመታጠቂያ ላይ ይዋል፤ ዛፍ ላይ መውጣትም የሚጀመረው ከሚያውቅ ሰው ጋር ዝቅ ባለ ዛፍ ላይ ተለማምዶ፣ ከታችም ረዳት ቆሞ ነው። የሞተር መጋዝ የሁሉ መጨረሻ ነው። እኔ በአምስተኛው ዓመት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በገባሁት እቁብ ያለ ዕዳ ገዛሁት። የመጋዙ አፍንጫ የላይኛው ጫፍ እንጨት በነካ ቅጽበት መጋዙ ወደ ላይና ወደ ያዘው ሰው ተመልሶ ይወረወራልና፣ በአንድ እጅ፣ ከትከሻ በላይ ወይም መሰላል ላይ ቆሞ የሚሠራበት ሰው ሕይወቱን ይዞ እየተጫወተ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ የመክፈያው ቀን ስለሚያስጨንቀው፣ ገና የማይችለውን ሥራ እሺ ይላል፤ ለልጆቹ የፈራሁላቸው ይህንን ነው።

በኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ያለ ቅርንጫፍ ለባለሙያዎቹ ይነገራል እንጂ አይነካም። የአገር በቀል ዛፍ ከመቁረጥ በፊትም የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ስላለ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ተገቢ ነው። በቤተ ክርስቲያን አጸድ ከሆነ ከአስተዳዳሪውና ከሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ያስፈልጋል። በየአጸዱ በምእመናን ራስ ላይ የተንጠለጠሉ የደረቁ ቅርንጫፎች ብዙ ናቸው፤ በጥንቃቄ ለሚሠራ ወጣት ሥራ አይጠፋም።

አንድ ልመና አለኝ። በቅርቡ አንድ መሥሪያ ቤት ዛፍ ለማስመልመል ባወጣው ማስታወቂያ የጠየቀው «የሞተር መጋዝ ያለው» የሚል ብቻ ነበር። ልጆቹን ወደ ብድር የገፋቸው ይህን የመሰለ ማስታወቂያ ነው። አሠሪዎች በዚህ ፈንታ ገመድ፣ ሄልሜትና ረዳት ያለውን፣ ቀድሞ የመለመለውንም ዛፍ ወስዶ ማሳየት የሚችለውን ቢጠይቁ፣ በእጅ መጋዝ የጀመረ ወጣትም መወዳደር ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዛፍ ሠራተኛ፣ ከደብረ ብርሃን