ስማቸውን ሳልጠይቅ ለተለየኋቸው ሹፌር

በግንቦት አጋማሽ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ፣ በሚሌና በአዳይቱ መሐል ለቆሙልን የከባድ መኪና ሹፌር ይድረስልኝ።

ጋሼ፣ ባለቤቴ እግሩ ተርፎለት በክራንች ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀምሯል። ጠያቂ ዘመዱን ሁሉ አመስግነን ጨረስን፤ የዋናው ባለውለታ አድራሻ ግን በእጃችን የለም። ታርጋዎን አላየሁም። ከተሳቢው ኋላ «ጊዜ ለኩሉ» የሚል ጽሑፍ እንዳለ ብቻ ትዝ ይለኛል፤ በዚያ መንገድ እሱን ያልጻፈ ስንት ነው!

ግመል ላለመግጨት ስንል ከተገለበጥን በኋላ ሁለት የቤት መኪኖች ቀዝቀዝ ብለው አይተውን አለፉ። አልፈርድባቸውም፣ ሌሊት ነው። እርስዎም ፈርተው ነበር፤ ረዳትዎ በባትሪ ዙሪያውን ሲቃኝ አይቻለሁ። ግን ወረዱ። ከትከሻዎ ላይ ሽርጥዎን አንስተው የባለቤቴን ጭን ጥብቅ አድርገው አሰሩለት።

ዱብቲ ሆስፒታል ለመድረስ ወደ መጡበት መመለስ ነበረብዎ። ያን ሁሉ ርዝመት በዚያ ጠባብ አስፋልት ላይ ማዞር አይታሰብም። ተሳቢውን ፈታችሁ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ጣላችሁ፣ ያ ልጅም ከ200 ኩንታል ማዳበሪያ ጋር ብቻውን ጨለማው ውስጥ ቀረ። ቢጎድል ከማን ደመወዝ እንደሚቆረጥ የነገሩኝ ሎጊያ ስንቃረብ ነው፤ ያውም እኔ ጠይቄዎት። ወንድሜ ረዳቱ፣ አንተንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ያን ሌሊት እንዴት እንዳነጋኸው ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ጋቢና ውስጥ እንዳልተኛ ብለው ያጫውቱኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያለችው ልጅዎ የአባቷን ሥራ ስትጠየቅ «ትራንስፖርት ውስጥ ነው» እንደምትል ነግረውኝ ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ያኔ አልነገርኩዎትም፣ አሁን ልንገርዎት። በ2012 ኮሮና ሲገባ፣ ከጅቡቲ የሚመለስ ሹፌር ሁሉ በሽታ ይዞ የሚመጣ ይመስለን ነበር። ጎረቤታችን ሹፌር ነው። ልጆቼን ከልጆቹ ጋር እንዳይጫወቱ በር ዘጋሁ፤ ሚስቱ ሰላም ስትለኝም በሩቁ አለፍኳት። አገር ውስጥ ከሚገባው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው በጅቡቲ ነው፤ በዚያ ሰሞን ቤቴ የነበረውን ዘይት ማን እንዳመጣው አልጠየቅኩም። እህቴ ሹፌር ልታገባ ስትልም «የሹፌር ቤቱ በየከተማው ነው» ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ለጎረቤቴ ሚስት ባለፈው እሁድ ቡና ጠርቼ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እህቴን ገና አልደፈርኳትም።

ሆስፒታል በር ላይ ለነዳጅ ልስጥዎት ስል «ልጄ፣ እሱን ለመድኃኒት አድርጊው» ብለው ሞተር አስነሱ። አመሰግናለሁ እንኳ ሳልል ሄዱ።

ሽርጥዎ እኔ ጋ ነው። ደጋግሜ አጥቤዋለሁ፤ ከጠርዙ ላይ ደሙ አልለቅ አለ። አዲስ ገዝቼ አብሬ አስቀምጫለሁ። እኚህን ሰው የምታውቁ ሹፌሮች፣ አዳማ ሲያልፉ ምሳ ቤታችን ነው በሉልኝ። ለተሳቢውም ከደጃችን ሰፊ ሜዳ አለ።